የምስጥ ቀኝ ጉንጭ

ሰው የሚታወቀው ፊቱን ለሌላ ሰው እጅ አሳልፎ ሲሰጥ ነው። ይህን የምለው ፈላስፋ ሆኜ አይደለም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ስቀባ ስለኖርኩ ነው። የሜካፕ ባለሙያ ነኝ። የምሠራበት የፊልም ድርጅት ከአንድ ሰላይ በቀር ሌላ እንጀራ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሰላዩም ምስጥ ይባላል። ሳይታይ ይገባል፣ ከውስጥ ይበላል፣ ቤቱ ሲፈርስ እሱ ሌላ ቤት ገብቷል። አስራ ስድስት ፊልም ወጥቶለታል። ሦስት ተዋናዮች አርጅተውበታል፤ ምስጥ ግን ዛሬም አርባ ዓመቱ ነው። ለዚህ ከፈጣሪ ቀጥሎ የሚመሰገነው የኔ ብሩሽ ነው።

ምስጥን የፈጠሩት ሽማግሌው አለቃችን ናቸው፤ ጋሼ እላቸው ነበር። ጋሼ አዲስ ዳይሬክተር ሲመርጡ የራሳቸው ወግ ነበራቸው። ዕጩውን ቢሮ አያስገቡትም፣ ስላሰበው ፊልምም አንድ ቃል አይጠይቁትም። በቀጥታ ወደ እኔ ክፍል ይልኩታል። እኔ ወንበሬ ላይ አስቀምጬ የምስጥን ጠባሳ ጉንጩ ላይ እሠራለታለሁ፤ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ ጠባሳውን እንደያዘ እስከ መንገዱ ጥግ በእግሩ ሄዶ፣ ከሱቅ ክብሪት ገዝቶ ይመለሳል። በቃ፣ ፈተናው ይኸው ነው። «ጠባሳውን መሸከም ያልቻለ ፊልሙን አይሸከምም» ይሉ ነበር። ሰውየው ከሄደ በኋላ ጋሼ የክፍሌን በር ገርበብ ያደርጉና አንገታቸውን ብቻ አስገብተው «እህሳ?» ይሉኛል። እኔም «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» እላለሁ። ስለ ዳይሬክተር ሌላ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

በኔ ዘመን ስምንት ዳይሬክተሮች መጥተው ሄደዋል፤ ሰባቱ በዚህ ወንበር ያለፉ ናቸው። ጋሼ ቃሌን ሰምተው እንደሚወስኑ ግን ማንም አያውቅም። ሰው ሁሉ ወንበሩን የሽማግሌ ቀልድ አድርጎ ነው የሚያየው። አስራ አንደኛውን ፊልም ብቻ አታንሱብኝ፤ ምስጥ የዘፈነበትን። እሱ በኔ አልፎ የመጣ አይደለም።

ጋሼ ባለፈው ዓመት አረፉ። ድርጅቱን ለሁለት ልጆቻቸው እኩል ተዉላቸው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የሚወሰን ነገር የለም። ታላቋን ትንሿ አለቃ ነው የምንላት፤ ልጅ ሳለች በየክፍሉ እየዞረች ሠራተኛውን ታዝዝ ስለነበር የወጣላት ስም ነው። ከትምህርት ቤት መልስ የምትውለው እኔ ክፍል ነበር፤ ከሜካፕ ጠረጴዛዬ ሥር፣ ከዊግ ሣጥኖቹ መሐል። ታናሽየውን ደግሞ ሰንጠረዥ እለዋለሁ፤ በሌለበት ነው ታዲያ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አልዋሽም። ግን ምሳ የት እንብላ ሲባል እንኳ ሰንጠረዥ ካልሠራ አይነሳም።

አስራ ሰባተኛው ፊልም ሲደርስ ያለፉትን ሦስቱን የሠራው ዳይሬክተር ወገቤን ብሎ ተሰናበተ። ሦስት ዕጩዎች ተጠሩ። ሰንጠረዥ አስራ ሁለት መመዘኛ አዘጋጀ፤ እያንዳንዱ መመዘኛ ነጥብ አለው፣ እያንዳንዱ ነጥብ ቀለም አለው።

«የአባዬ ወንበርስ?» አለች ትንሿ አለቃ።

«ይቀመጡበት፤ ለማስታወቂያ ፎቶ ይሆነናል» አለ ወንድሟ። «ነጥብ ግን የለውም።»

ይህን ሲል አጠገቡ ቆሜ ነበር። ነጥብ የለውም! እውነቱን ልናገር፣ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው ያን በር ገርበብ አድርጎ «እህሳ?» እንዲለኝ። እንደ ጋሼ የሚጠይቀኝ ከሌለ የብሩሽ ሻንጣዬን ቆልፌ ልሄድ ለራሴ ምዬ ነበር። የት እንደምሄድ አላሰብኩበትም። የተቆጣ ሰው አድራሻ የለውም።

መጀመሪያ የመጣው ፍንዳታ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አርባ ደቂቃ ሙሉ ያወራኝ ስለሚያፈነዳው ነገር ነበርና። ድልድይ ያፈነዳል፣ ባቡር ያፈነዳል፣ ሆቴል ያፈነዳል፣ ከዚያ ሌላ ድልድይ።

«አንተ ልጅ፣ መንጋጋህን አታንቀሳቅስ፤ ሙጫው አልደረቀም» እለዋለሁ።

«እሺ ማዘር» ይልና መርከቡን ያፈነዳዋል።

ማዘር! እኔ በዕድሜዬ አንድ ድመት ነው ያሳደግኩት። እንደምንም ጨርሼ ወደ ሱቅ ላክሁት። ሲመለስ ሃያ ሰው አስከትሎ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ራሱን እየቀረጸ፣ ክብሪቱን ረስቶ መጣ። ሰላይ እንዲህ ነው? ልጁ ግን ክፋት የለበትም፤ ሲሰናበተኝ አቅፎ ስሞኝ ነው የሄደው። በልቤ «አይሆንም» አልኩና በሩን በሩን አየሁ። የመጣ የለም።

በማግስቱ ሽልማቴ መጣ። ይሄኛው ትልቅ ሰው ነው፤ ሸበቶ፣ ሽክ ያለ፣ «ሽልማቴን የተቀበልኩ ጊዜ» ሳይል ነገር የማይጀምር። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ስለ ዝምታ ብዙ አወራ። ሐሜት አይሁንብኝና ሥራውን ያውቃል። ጠባሳውን ልጨርስ ስል ዓይኑን ገለጠና መስታወቱን አየ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የዚህ ጠባሳ ቦታው እዚህ አይደለም» አለኝ። «በሁለተኛው ፊልም ላይ ብርጭቆው የቆረጠው ግራ ጉንጩን ነበር። ከሦስተኛው ጀምሮ ቀኝ ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ያላረመው ስህተት! እኔ ከመጣሁ መጀመሪያ የማርመው እሱን ነው።»

ብሩሹ እጄ ላይ ደርቆ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ የጀመርኩት በሦስተኛው ፊልም ነው፤ ያስተማረችኝ የሜካፕ ባለሙያ ለወሊድ ስትወጣ እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ እሷን ተክቼ ገባሁ። የምስጥን ፊት የምገለብጠው ከስላይድ ነበር፤ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል የፎቶ ፊልም ናት። ከበስተኋላዋ መብራት አለ፣ እሷን እያየሁ ጠባሳውን እሠራለሁ። አስራ ስምንት ቀን ሠራሁ። ሌላው ሠራተኛ ስለ እሳቱና ስለ ፈረሱ ይጨነቃል እንጂ ጉንጭ የሚያይ አልነበረም። ተዋናዩ ራሱ አላስተዋለም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ ጉንጭም ያው ነው። በአስራ ዘጠነኛው ቀን የተቀረጸው ታጥቦ መጣና ጋሼ አዩት። ጠባሳው ቀኝ ላይ ነው። እየሮጥኩ ክፍሌ ገብቼ ስላይዷን ሳያት ጠባሳው ግራ ላይ ነው። እንግዲህ መስታወቱ አደናግሮኛል አልኩ፣ ሌላ ምን እላለሁ? ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ጋሼ መጡ። ተዋናዩን ወንበሬ ላይ አስቀምጠው ጉንጩን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ከእንግዲህ ቀኝ ነው» አሉ፤ ወጥተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላነሱብኝም። የምስጥ ወዳጆች ግን አልተዉትም። አንዱ ምስጥ መንታ ወንድም አለው ይላል፤ ሌላው ሰላይ ስለሆነ ጠባሳው እንኳ ይዋሻል ይላል። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ ብሩሽ አጥባለሁ። በሦስተኛው ፊልም መጨረሻ ላይ የተጻፈው የአስተማሪዬ ስም ነው፤ ውሏ ገና አላለቀም ነበርና። እኔ የለሁበትም።

ሽልማቴ ወደ ሱቅ ሄዶ ክብሪቱን ገዝቶ መጣ። ጉንጩ ግን ንጹሕ ነበር። ከግቢው በር ሳይወጣ በሶፍት ጠርጎታል። «ይህን ይዤ ሰው ፊት አልቀርብም» አለ። አርባ ደቂቃ የለፋሁበትን!

ሦስተኛዋ ባለአሻንጉሊቷ ናት። የልጆች የአሻንጉሊት ፕሮግራም ስትሠራ የኖረች፣ አንድ ትንሽ ፊልም ብቻ ያላት ሴት ናት። ሰንጠረዥ የጠራት ዝርዝሩ ሁለት ስም ብቻ ሲሆን ስላላማረው ነው። ከቀጠሮዋ ቀድማ መጣችና ሙጫ ሳዋህድ ቆማ አየች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወጣች።

«እትዬ፣ ሲደርቅ ፊት ይጎትታል?» አለችኝ።

«ይጎትታል እንጂ። ቀኙን ጉንጭ ጭምድድ ነው የሚያደርገው።»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ምስጥ በግማሽ አፉ ፈገግ የሚለው ለዚህ ነው? ቀኙ እሺ ስለማይለው?»

ብሩሼን አስቀመጥኩ። ያች ግማሽ ፈገግታ በየፖስተሩ ያለች ናት። ሰው ሁሉ የትወና ጥበብ ነው ብሎ ያደንቃታል፤ ሦስቱም ተዋናዮች ተመስግነውባታል። ሙጫ መሆኗን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ዳይሬክተር የለም።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት።

«አልናገርም» አለችና ጭንቅላቷን አስደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። እውነቴን ነው፣ አንኮራፋች። ከኔ ጋር ያላት ሙሉ ንግግር ይኸው ነው።

ስትነቃ ጠባሳዋን ይዛ ወደ ሱቅ ሄደች። አስር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት። ልፈልጋት ልነሳ ስል ከውጭ ጫጫታ ሰማሁ። ለካስ ባለሱቁ ጉንጯን አይቶ «ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» ብሏት፣ እሷ «በር ነው» ስትለው «በር አይደለም፤ ባልሽ ነው» ብሎ፣ እሷም ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ለማየት ዝም ብላዋለች። ሰውየው የመጥረጊያ እንጨት ይዞ፣ ሱቁን ዘግቶ እስከ ድርጅታችን ተከትሏት መጣ። በሩ ላይ ያገኘው የመጀመሪያው ወንድ ደግሞ ሰንጠረዥ ነው።

«አንተ ነህ?» አለው ባለሱቁ።

«አዎ፣ የድርጅቱ ኃላፊ እኔ ነኝ» አለ ሰንጠረዥ እጁን ለሰላምታ እየዘረጋ።

ደርሼ ጠባሳውን ከጉንጯ ላይ ፈልቅቄ ባላሳየው ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። ባለሱቁ ጠባሳውን በሁለት ጣቱ ይዞ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ክብሪቱንም በነጻ ሰጣት። እኔ ክፍሌ ገብቼ በልቤ ያለችውን አንዲት ቃል ይዤ ተቀመጥኩ። በሩን የከፈተው ግን ነፋስ ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ወደ ስብሰባ ክፍል ተጠራሁ። ሁለቱ ልጆች ብቻ ናቸው ያሉት፤ ሰንጠረዡ ግድግዳው ላይ በርቷል። ሽልማቴ ዘጠና አንድ፣ ፍንዳታ ሰማንያ አራት፣ ባለአሻንጉሊቷ አርባ ሰባት።

«አርባ ሰባት?» አለች ትንሿ አለቃ።

«ከመቶ» አለ ወንድሟ። «ደግሞ ልደበደብ ነበር።»

«እሱ ስንት አስቀነሳት?»

«ሁለት ብቻ። ፍትሐዊ ለመሆን ሞክሬያለሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ አንድ ጥያቄ ነው ያለን። ጠባሳውን ወደ ግራ ለመመለስ ምን ያህል ይፈጃል?»

«አርባ ደቂቃ» አልኩ። «ቀኝም ግራም ያው አርባ ነው። ፈገግታው ግን አብሮ ጎን ይቀይራል።»

የመጨረሻውን አልሰማኝም፤ እየተፍነከነከ ነበር። «ዘጠና አንድ ያገኘው ሰውዬ ያመጣት ሐሳብ ወርቅ ናት። የሠላሳ አንድ ዓመቱ ስህተት ታረመ ብለን እናውጃለን። ጋዜጠኞች ይሻሙበታል። እንዲያውም የተሳሳተችውን ሴትዮ አግኝቻታለሁ፤ ስሟ ፊልሙ መጨረሻ ላይ አለ። ፎቶዋን እንለጥፋለን፣ ትንሽ ይሳቅባታል፣ እሷም አትቀየምም።»

አስተማሪዬን ነው የሚለው። ብሩሽ አያያዝ ያሳየችኝን፣ ዛሬ የልጅ ልጅ የምታሳድገውን። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። አፌ ግን ከኔ ቀደመ።

«እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ» አልኩ። «እሷ ወልዳ ቤቷ ተኝታ ነበር። መስታወቱ አደናገረኝና አስራ ስምንት ቀን በተሳሳተው ጉንጭ ላይ ሠራሁ። ፎቶ ከፈለጋችሁ የኔን ለጥፉ። በወጣትነቴ ያምርብኝ ነበር።»

ሰንጠረዥ መነጽሩን አወለቀ። ያኔ ነው ትንሿ አለቃ ፊቷን በሁለት እጇ የሸፈነችው። መጀመሪያ የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

«እትዬ፣ አንቺም አይደለሽም» አለች ከእጆቿ ሥር። «እኔ ነኝ።»

«አንቺ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሽ እኮ።»

«ከጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። ስላይዷን በመስኮት ብርሃን ላያት አወጣኋት፣ ስመልሳት በግልባጩ ከተትኳት። አንቺ ያየሽውን ነው የሠራሽው፤ አልተሳሳትሽም። ጫጫታው ሲነሳ ሮጬ ገብቼ አስተካከልኳት። አባዬ ክፉኛ ይቆጣኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ አንቺ ስታለቅሺ ከዊግ ሣጥኑ ኋላ ሆኜ አየሁሽ።» ቀና አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አድርጌ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀመጥኩ። ስንት ጊዜ ልነግርሽ ፈልጌ አፈርኩ።»

ልቆጣ ሞከርኩ፤ መብቴ ነበር። ስንት ሌሊት በዚያ ጉንጭ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ግን ያችን ሁለት ጥርስ የወለቀባት፣ ዊግ ደፍታ የምትቀመጥ ልጅ አየኋትና ቁጣው አልመጣልኝም፤ ሳቅ ነው የመጣው። ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፣ አለቀሰችም። ተቃቅፈን ስንንቀጠቀጥ ሰንጠረዥ ውኃ ልቅዳ ልተው ግራ ገብቶት በመሐላችን ተገተረ።

«ምስጥን እኮ አንቺና እኔ ነን የሠራነው» አልኳት። «ያ ፈገግታ የሙጫው ነው። ጠባሳው ግራ ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ያች ፈገግታ በሌላው ጎን ትሆን ነበር።» ባለአሻንጉሊቷ ወንበሬ ላይ ያለችኝንም ነገርኳቸው።

ትንሿ አለቃ ዓይኗን ጠረገችና ወደ ወንድሟ ዞረች። «ከጠረጴዛው ሥር ሌላም የሰማሁት አለ። አባዬ ዳይሬክተር የሚመርጠው እትዬን ጠይቆ ነው። እሷ ይሆናል ካለች ይሆናል፣ አይሆንም ካለች አይሆንም። ሁልጊዜ።»

«ሁልጊዜ?» ሰንጠረዥ ተጠራጠረ። ኮምፒውተሩን ከፈተና የድሮ ፊልሞችን ዝርዝር አወጣ፤ የትኛው እንደተወደደ፣ የትኛው እንደወደቀ ሁሉም እዚያ አለ። ጣቱ በዝርዝሩ ላይ እየወረደ አንድ ቦታ ቆመ። «ይኸው! ይሄ ወድቋል። አስራ አንደኛው።»

«የሐሞት ከረጢቴን ላስወጣ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር» አልኩ። «ስመለስ ምስጥ ዘፍኖ ደረስኩ።»

ልጁ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እንደገና ቆጠረ። ቁጥር ሲናገር ይሰማል፤ ይህን በጎነቱን አልክድም። «ከስምንት ሰባት» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «ስምንተኛው ደግሞ እሷ የሌለችበት። እኔ አስራ ሁለት መመዘኛ ይዤ እዚህ አልደርስም።»

ትንሿ አለቃ ተነሳችና ከክፍሉ ወጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። እኔና ሰንጠረዥ ተያየን።

«የት ሄደች?» አለኝ።

አላውቅም ልለው ስል በሩ ገርበብ አለ። አንገቷን ብቻ አስገባች፤ ልክ እንደ ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ።

«ስለ ሦስተኛዋ» አለች። «እህሳ?»

ዓመቱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። ስለ ጋሼ፣ ስለ ወንበሩ፣ ነጥብ የለውም ስለተባለው ነገር፣ ሁሉንም ልናገር ነበር። አፌ ላይ የመጣችልኝ ግን አንዲት ቃል ብቻ ናት።

«ይሆናል» አልኩ።

ሰንጠረዥ በግድግዳው ላይ አዲስ መስመር ጨመረና «ወንበር» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ስንት ነጥብ ልጻፍላት?»

«ይሆናል ብለህ ጻፍ» አልኩት።